የጥርስ ስፕሊንት ምን ይለቃል? ነገሩ የሚወሰነው አፍ ውስጥ ሳይገባ ነው

ጤና ይስጥልኝ፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። መግቢያ አላበዛም፤ የብዙዎቻችሁ ጥያቄ አንድ ነው። ማታ ጥርስ ለሚያፋጭ ሰው የሚታዘዘው፣ ሐኪሞች ስፕሊንት ወይም ናይት ጋርድ የሚሉት ፕላስቲክ ኬሚካል ይለቃል ወይስ አይለቅም?

ይለቃል። ውዱም ርካሹም፣ ለስላሳውም ጠንካራውም የሆነ ነገር ይለቃል። ይህን ስል ግን አውጥታችሁ ጣሉት ማለቴ አይደለም፣ እባካችሁ እንዲያ እንዳታደርጉ። ቁም ነገሩ ምን ይለቃል፣ ምን ያህል ይለቃል፣ ለምን ያህል ጊዜ ይለቃል የሚለው ነው። ደግሞ ብዙ ሰው ልብ የማይለው፣ ዛሬ በተለይ ላስረዳችሁ የምፈልገው ነገር አለ። የሚለቀውን መጠን በአብዛኛው የሚወስነው የፕላስቲኩ ስም ሳይሆን የተሠራበት መንገድ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ያለፉት ጥቂት ሰዓታት በደንብ ካለፉ ብዙው ጣጣ እዚያው ያልቃል። ካልሆነ ደግሞ ትርፍራፊው አፋችሁ ውስጥ ይጨረሳል።

መጀመሪያ ግን ለምን እንደሚታዘዝ እናስታውስ። ጥርስ ማፋጨት ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ተኝቶ መንጋጋውን የሚጨምቅበት ኃይል ነቅቶ ምግብ ከሚያኝክበት በእጅጉ ሊበልጥ ይችላል። የጥርሱ ሽፋን እየተበላ ያልቃል፣ ሙሌት ይሰነጠቃል፣ ጠዋት መንጋጋና ጆሮ ግንድ አካባቢ ያማል። ስፕሊንቱ ማፋጨቱን አያስቆመውም፤ መሃል ገብቶ በጥርሱ ፋንታ እሱ ይበላል እንጂ። ያለቀ ጥርስ ተመልሶ አያድግም፣ ያለቀ ስፕሊንት ግን ይቀየራል። ስለ ኬሚካሉ የምናገረውን ሁሉ ይህን ጥቅም አብራችሁ እያሰባችሁ ስሙኝ።

አሁን ወደ ፕላስቲኩ እንግባ። ፕላስቲክ ትንንሽ ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተሰካክተው የሚሠሩት ረጅም ክር ነው። ዶቃዋ ሞኖመር ትባላለች፣ ክሩ ፖሊመር። ክሩ ራሱ ብዙም አያሳስብም፤ ትልቅ ነው፣ ከቦታው አይነቃነቅም፣ ምራቅ አያሟሟውም። የሚያሳስበው ሳትሰካ የቀረችው ዶቃ ናት። ትንሽ ስለሆነች በክሮቹ መሃል እየተሹለከለከች መውጫ ትፈልጋለች፣ መቶ በመቶ ተሰክቶ የሚያልቅ ሥራ ደግሞ የለም። ከዚህ ሌላ ሥራውን የሚያስጀምሩ፣ የሚያፋጥኑ፣ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሱና ቀለም የሚሰጡ ነገሮች ይገባሉ። ብዙዎቹ ከክሩ ጋር ስላልታሰሩ እነሱም ቀዳዳ ካገኙ ይወጣሉ።

በጣም የቆየውን ዓይነት፣ አክሪሊክን እንውሰድ። ሙሉ ስሙ ፖሊሜቲል ሜታክሪሌት ነው። ለሰው ሠራሽ ጥርስ መቀመጫነት ማገልገል የጀመረው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ አንስቶ ስለሆነ ጸባዩን በደንብ እናውቀዋለን። አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ነጭ ዱቄት አለ፤ ቀድሞ የጠነከረ አክሪሊክ ተፈጭቶ፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባል ማስጀመሪያ ተቀላቅሎበት ነው። ሌላው ውሃ የመሰለ ፈሳሽ ነው፣ ሽታው ግን አፍንጫ ይሰነፍጣል፤ ሞኖመሩ እሱ ነው፣ ሜቲል ሜታክሪሌት። ጠርሙሱ ውስጥ እያለ በራሱ እንዳይጠነክር ትንሽ ሃይድሮኩዊኖን ይጨመርበታል። ቴክኒሽያኑ ሁለቱን ያዋህዳል። መጀመሪያ አሸዋማ ነው፣ ትንሽ ቆይቶ ሲነኩት ክር ይስባል፣ ከዚያ ጣት ላይ የማይጣበቅ ሊጥ ይሆናል። ያኔ ነው ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ገብቶ የሚታሸገው።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በሙቀት ማብሰል ነው። የታሸገው ቅርጽ ውሃ ውስጥ ገብቶ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፣ በመጨረሻ ወደ 100 ዲግሪ ከፍ ብሎ አንድ ሰዓት ያህል ይበስላል። ይህን ያህል የሚንዛዛው በምክንያት ነው። ሞኖመሩ ራሱ 100 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ፣ በአንዴ ቢያሞቁት ውስጡ አረፋ እየሠራ ፕላስቲኩ በቀዳዳ ይሞላል። የመጨረሻው የ100 ዲግሪ ሰዓት ደግሞ ሳይሰካ የቀረውን ሞኖመር አሳዶ የሚያስገባ ነው። ሥራ ሲደራረብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ግን እሱ ነው። ቅርጹ ጠንክሯል፣ ዓይን ልዩነቱን አያይም፣ ስለዚህ «ይበቃዋል» ተብሎ ይወጣል። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። በሥራው መሃል ትልቁን ልዩነት የሚያመጣው ሰዓት፣ ዓይን ስላላየው ብቻ እንደ ትርፍ ይቆጠራል።

ሁለተኛው መንገድ ያለ ሙቀት ነው። ፈሳሹ ውስጥ ዳይሜቲል ፓራ ቶሉይዲን የሚባል አፋጣኝ ስላለበት በክፍል ሙቀት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ይጠነክራል። ለጥገናና እዚያው ሕክምና ወንበር ላይ ለሚደረግ ማስተካከያ ምቹ ነው። ብዙ ስፕሊንትም ከጥግ እስከ ጥግ በዚህ መንገድ ይሠራል። ያልተሰካ ሞኖመር የሚተርፍበት ግን ከበሰለው በጣም ይበልጣል። ለሰው ሠራሽ ጥርስ መቀመጫ የወጣው አይኤስኦ 20795-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ራሱ ልዩነቱን ያሳያል፦ በሙቀት ለሚበስለው የተተወለት ጣሪያ 2.2 በመቶ ሲሆን፣ በራሱ ለሚጠነክረው 4.5 በመቶ ነው። በትክክል የበሰለ ሥራ ደግሞ ከግማሽ በመቶም ሊወርድ ይችላል። ያው አክሪሊክ፣ ያው ስም፣ ነገር ግን የቀረው ሞኖመር አሥር እጥፍ ሊለያይ ይችላል ማለት ነው። ያለ ሙቀት የሚሠራውንም ቢሆን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ፣ ግፊት ባለው ድስት አቆይቶ ማጠንከር ይቻላል። ያን ያደረገና ያላደረገ ላብራቶሪ እኩል አይደሉም።

ፎርማልዴይድም አለ። አክሪሊክ ሲጠነክር ላይኛው ፊቱ ከአየር ጋር ከተገናኘ ኦክስጅን ጣልቃ ይገባና ሥራውን ያበላሻል። ገጽ ላይ ደካማ ንብርብር ይቀራል፣ እሱ ሲፈርስ ጥቂት ፎርማልዴይድ ይወጣል። ያ ንብርብር ተሞርዶና ተወልውሎ ከተነሳ አብሮት ብዙ ነገር ይነሳል። መወልወል ለማማር ብቻ የሚመስለው ካለ አይደለም።

እሺ፣ እንዴት ነው ወደ ምራቅ የሚወጣው? አክሪሊክ ጥቂት ጥቂት ውሃ ይጠጣል። ውሃው ሲገባ ክሮቹ ትንሽ ይራራቃሉ፣ በመሃላቸው ተቀብሮ የነበረው ሞኖመር መንገድ ያገኛል። መጀመሪያ ገጹ አጠገብ ያለው ይወጣል፣ ከዚያ ከውስጥ ያለው በዝግታ ይከተላል። ስለዚህ አብዛኛው ነገር የሚለቀቀው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፣ ከዚያ በፍጥነት ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ ጥናት አክሪሊክ ካደረጉ ሰዎች አፍ ምራቅ ወስዶ ለክቷል። በራሱ የሚጠነክረውን ዓይነት ባደረጉት ምራቅ ውስጥ ሞኖመሩ እስከ አንድ ሳምንት ድረስ ተገኝቷል፣ ደምና ሽንት ውስጥ ግን አልተገኘም። ሰውነታችን ይህን ሞኖመር ቶሎ ሰባብሮ ወደ ሜታክሪሊክ አሲድ ስለሚቀይረው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ሜቲል ሜታክሪሌትን በሦስተኛው ምድብ አስቀምጦታል፤ ካንሰር ያመጣል ብሎ ለመፈረጅ በቂ ማስረጃ የለም ማለት ነው። አፋጣኙ፣ ዳይሜቲል ፓራ ቶሉይዲን፣ ከዚህ ይለያል። እሱን ኤጀንሲው 2ቢ በሚለው ምድብ፣ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ከሚባሉት ጋር ነው የመደበው። እኔ ምርጫ ካለ በሙቀት የበሰለውን የምመርጥበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፤ አፋጣኙ እዚያ ውስጥ አያስፈልግም።

ሌሊት ደግሞ ከቀን ይለያል። ቀን ምራቅ እየፈሰሰ አፍን ያጥባል፣ በሃያ አራት ሰዓት ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ድረስ እንሠራለን። ስንተኛ ግን ምራቅ ሊቆም ምንም አይቀረውም። ስፕሊንቱ የለቀቀው ትንሽም ቢሆን አይታጠብም፤ እዚያው በፕላስቲኩና በድዱ መሃል ታሽጎ ያድራል። ላይ ሆኖ የሚያፋጨው ጥርስ ደግሞ ገጹን እየላገ ንጹሕ ያልተነካ ፕላስቲክ ያጋልጣል። የላብራቶሪ ሙከራ ብዙ ጊዜ ጸጥ ያለ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ቁራጭ ነው የሚለካው፤ አንድ ሌሊት የታኘከ ስፕሊንት ሌላ ነገር ነው።

ስለ አክሪሊክ ይህን ካልኩ፣ በተግባር የሚታየው ትልቁ ችግር አለርጂ ነው። አብዛኛው ሰው ምንም አይሰማውም። ጥቂት ሰው ግን አፉ ይቃጠላል፣ ስፕሊንቱ የሚነካው ቦታ ብቻ ነጥሎ ይቀላል፣ ከንፈሩ ያብጣል። ከታካሚው የባሰ የሚጎዱት ደግሞ ቴክኒሽያኖቹ ናቸው። ፈሳሹ ሞኖመር ተራውን ጓንት በደቂቃዎች ውስጥ አልፎ ቆዳ ላይ ይደርሳል። ጓንት አድርጌያለሁ ብሎ ሊጡን በእጁ የሚያሽ ሰው ጣቱ ተሰነጣጥቆ ሥራውን እስከመተው ሊደርስ ይችላል። ስለ ስፕሊንት ደኅንነት ሲወራ እነሱ ከወሬው ውስጥ ይጠፋሉ፣ እኔ ግን መቅደም ያለባቸው እነሱ ይመስሉኛል።

ለስላሳዎቹን ቶሎ ልለፍ። ስፖርተኞች የሚያደርጉትና በፈላ ውሃ አለስልሶ የሚነከሰው በአብዛኛው ኢቪኤ ከሚባል ፕላስቲክ ይሠራል። ኢቪኤ በተፈጥሮው ለስላሳ ስለሆነ ማለስለሻ ኬሚካል አይፈልግም፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ፒቪሲ ግን በራሱ ደረቅ ነው፣ ለማለስለስ ብዙ ጊዜ ፍታሌት ይጨመርበታል፣ ፍታሌት ደግሞ ከክሩ ጋር ስለማይታሰር ይወጣል። ሆርሞን ያዛባሉ ተብለው በአውሮፓ ኅብረት የልጆች መጫወቻ ላይ ከ0.1 በመቶ እንዳያልፉ የተገደቡት እነዚሁ ናቸው። ልጅ አሻንጉሊት ሊያኝክ ይችላል ተብሎ የተፈራ ነገር፣ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሊነክሰው መቼም አይገባም። ከምን እንደተሠራ ያልተጻፈበት ለስላሳ መንከሻ አትግዙ፤ በዚህ ላይ አላመነታም።

አሁን ሁሉም ሰው ስለሚጠይቀው ስለ ቢፒኤ። ቢፒኤ ማለት ቢስፌኖል ኤ ነው፣ ኢስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ሥራ እንደሚያስመስል እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በቀን መግባት የሚችለውን መጠን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ4 ማይክሮግራም ወደ 0.2 ናኖግራም አወረደው። ሃያ ሺህ ጊዜ ነው የቀነሰው። ሁሉም ሳይንቲስት ግን አልተስማማም፤ የጀርመኑ የፌዴራል የአደጋ ምዘና ተቋም በዚያው ዓመት ራሱ አስልቶ 200 ናኖግራም ብሏል። በሁለቱ መሃል ሰፊ ክፍተት አለ፣ አቅጣጫው ግን አንድ ነው፤ ሁለቱም ከድሮው በብዙ ዝቅ ብለዋል። የአውሮፓ ኅብረትም ከዚያ በኋላ ከምግብ ጋር በሚነካካ ዕቃ ላይ ቢፒኤን አግዷል።

ስፕሊንት ውስጥ የት ይገኛል? ተራው አክሪሊክ ከቢፒኤ አይሠራም። በሙቀት ለስልሰው በጥርስ ቅርጽ ላይ ከሚጎተቱት ግልጽ የፕላስቲክ ሉሆች አንዱ የሆነው ፒኢቲጂም አይሠራም። ፖሊካርቦኔት ግን በቀጥታ ከቢፒኤ ነው የሚሠራው። ቢስ-ጂኤምኤ የሚባለው ሬዚንም (ሬዚን ሲጠነክር ፕላስቲክ የሚሆን ፈሳሽ ነው) መነሻው ቢፒኤ ነው፣ ከዚያ የተረፈ ርዝራዥ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ «ከቢፒኤ ነጻ» የሚለው ማስታወቂያ ውሸት ላይሆን ይችላል፣ ግን ግማሽ መልስ ነው። አክሪሊክ ላይ ከቢፒኤ ነጻ ብሎ መለጠፍ ድሮም ያልነበረ ነገር የለም ማለት ነው፤ ስለቀረው ሞኖመር ግን አንዲት ቃል አይናገርም። አንዳንዴም ቢፒኤ ወጥቶ ወንድሞቹ ቢፒኤስ ወይም ቢፒኤፍ ይገባሉ፣ ጸባያቸውም ብዙ አይራራቅም። ከቢፒኤ ነጻ ነው ሲሏችሁ «እሺ፣ ታዲያ ከምንድን ነው የተሠራው?» በሉ።

ብዙ ጊዜ ልወስድበት የምፈልገው ግን በማተሚያ የሚሠራው ነው። ዛሬ ብዙ ስፕሊንት በስሪዲ ፕሪንተር ይታተማል። ፈሳሽ ሬዚን ገንዳ ውስጥ አለ፣ 385 ወይም 405 ናኖሜትር ብርሃን ንብርብር በንብርብር ያጠነክረዋል። ፈጣን ነው፣ ልኩ አስተማማኝ ነው፣ ቴክኒሽያኑን ከሊጥና ከሽታ ይገላግለዋል። ይህን ጥቅም አልክድም። ነገር ግን ከማተሚያው ሲወጣ ሥራው አላለቀም። ቅርጹ ይያዝ እንጂ ውስጡ ገና ጥሬ ነው፣ ላዩም በፈሳሽ ሬዚን የተለቀለቀ ነው። አይሶፕሮፒል አልኮል ውስጥ ይታጠባል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቴ፣ ሁለተኛው በንጹሕ አልኮል። ይደርቃል። ከዚያ ብርሃንና ሙቀት ባለው ሳጥን ውስጥ እንደገና ይጠነክራል፣ አንዳንዱ ሬዚን ኦክስጅን እንዳያውከው ናይትሮጅን ይፈልጋል።

ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ነው። እጥበቱ ካጠረ ጥሬው ሬዚን ጉድጓዶቹ ውስጥ ይቀራል። ከረዘመ አልኮሉ ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቶ ያሳብጠዋል። አልኮሉ ሳይቀየር ብዙ ሥራ ከታጠበበት ራሱ በሬዚን ስለሚሞላ፣ ታጥቦ የወጣው ዕቃ ላይ ስስ የሬዚን ልባስ ይተዋል። እርጥብ ሆኖ ወደ ብርሃኑ ከገባ ያ ልባስ ግማሽ ጥሬ ሆኖ ይቀራል። አምፖሉ ካረጀ ብርሃኑ ይደክማል፣ ሰዓቱ ግን ያው ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ ስፕሊንቱ ያምራል፣ ጥርስ ላይም ልክ ይገጥማል።

የሚቀረው ደግሞ ሞኖመር ብቻ አይደለም። ብርሃኑን ተቀብሎ ሥራውን የሚያስጀምረው ነገርም አለ፤ በብዛት የሚገባው ቲፒኦ ይባላል። የአውሮፓ ኅብረት ቲፒኦን ለመራባት ጎጂ ከሚላቸው መድቦታል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በጣም አሳሳቢ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች ዝርዝር ገባ። እ.ኤ.አ. ከመስከረም (ሴፕቴምበር) 1 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ በመዋቢያ ምርት፣ የጥፍር ጄልን ጨምሮ፣ ተከልክሏል። የሕክምና ዕቃ ሌላ ሕግ ነው የሚገዛው፣ እዚያ በዚያው ቀን አልተከለከለም። ጥፍር ላይ ጠንክሮ በሚቀር ነገር ውስጥ እንኳ የታገደ ኬሚካል ለአፍ በሚሠራ ነገር ውስጥ ሲኖር፣ ቢያንስ ምን ያህሉ እንደሚወጣ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሁለት ሥራ ልጥቀስ። የመጀመሪያው ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሪቨርሳይድ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 መገባደጃ የወጣ። ተመራማሪዎቹ በሬዚን የታተመ ቁራጭ ያለበት ውሃ ውስጥ የዜብራ ዓሣ ሽሎችን አስቀመጡ፣ ሽሎቹ በቀናት ውስጥ ሞቱ። ልብ በሉ፣ ያ የጥርስ ሬዚን አልነበረም። እኔን የሳበኝ ግን ቀጣዩ ነው፤ ያንኑ ቁራጭ ተጨማሪ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያስመቱት ጉዳቱ በጣም ቀነሰ። ሬዚኑ ያው ነው፣ የተለየው አጨራረሱ ነው። ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2021 ከአሜሪካው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። እዚህ ለጥርስ የተዘጋጁ ሁለት የማተሚያ ሬዚኖች ናቸው የተፈተኑት፣ ከእነሱ የወጣው ፈሳሽ ያረፈባቸው የአይጥ እንቁላሎች ተበላሽተዋል። የሳህን ላይ ሙከራ ነው፤ እንቁላሉ ላይ በቀጥታ ማፍሰስና አፍ ውስጥ ማድረግ አንድ አይደሉም፣ ሴቶች ላይ ይህ ደርሷል የሚል ሰው ካለ ከጥናቱ በላይ እየተናገረ ነው። ግን «ለአፍ የተፈቀደ» የሚለው ጽሑፍ ጥያቄውን እንደማይዘጋ በደንብ ያሳያል።

ለምን አይዘጋም? ፈቃዱ የሚሰጠው አምራቹ በራሱ መመሪያ፣ በራሱ ማሽን፣ በተመጠነ ሰዓት አጥቦና አጠንክሮ ባቀረበው ናሙና ላይ ነው። አይኤስኦ 10993 በሚባለው መስፈርት ሴሎች ላይ ይፈተናል፣ ያልፋል። የእናንተ ስፕሊንት ግን ያ ናሙና አይደለም። ሌላ ማሽን፣ ሌላ አምፖል፣ ሌላ እጅ ሠርቶታል። የእናንተን የሚፈትን የለም። ስለዚህ ነው ከስሙ ይልቅ አሠራሩን ጠይቁ የምለው። በነገራችን ላይ ከፋብሪካ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ጠንክሮ ከመጣ የአክሪሊክ ዲስክ ላይ በማሽን ተቀርጾ የሚወጣ ስፕሊንትም አለ። ማጠንከሩ ፋብሪካ ውስጥ ስላለቀ ላብራቶሪው ሊያበላሸው የሚችለው ትንሽ ነው። የቀረ ሞኖመርን ብቻ ካየን እኔ የማስቀድመው እሱን ነው።

በጥያቄ ሰዓት የተነሱትን ልጨምር።

አዲሱ ስፕሊንቴ ይሸታል፣ ጣዕምም አለው ያላችሁ ነበራችሁ። ያ ሽታ በአብዛኛው ሞኖመር ነው፣ አፍንጫችን በጣም በጥቂቱ ይለየዋል። አክሪሊክ ከሆነ ላብራቶሪው 50 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ቢያቆየው የቀረው ሞኖመር በግልጽ ይቀንሳል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በወጡ ጥናቶች ታይቷል። ቤት ውስጥ ከሆነ በክፍል ሙቀት ውሃ አንድ ሁለት ቀን፣ ውሃውን እየቀየሩ መዘፍዘፍ ይረዳል። በሙቅ ውሃ ግን ራሳችሁ አትሞክሩት፣ በተለይ በሉህ የተጎተተ ወይም ለስላሳ ከሆነ ይጣመማል፣ የተጣመመ ስፕሊንት ደግሞ ጥርስ ይገፋል። ቀናት አልፈው ሽታው ካልጠፋ መልሱላቸው።

አንዲት እህት ነፍሰ ጡር ነኝ፣ ላቁም ወይ ብላ ጠየቀች። ወራት የተደረገ ስፕሊንት ከሆነ አብዛኛውን ለቆ ጨርሷል፣ ለማቆም ምክንያት አይታየኝም። አዲስ ሊሠራላት ከሆነ ግን በእሷ ቦታ ብሆን በሙቀት የበሰለ ወይም ከዲስክ የተቀረጸ እንዲሆን ለሐኪሜ እነግራለሁ። የታተመው ጎጂ ነው ብዬ አይደለም፤ አማራጭ እያለ ያልተዘጋ ጥያቄ ይዞ ማደር ስለማያስፈልግ ነው።

የቆየውስ? ያረጀ ስፕሊንት ሌላ ጣጣ አለው። ገጹ ይጫጫራል፣ ይሰነጠቃል፣ ጭረቱ ውስጥ ባክቴሪያና ፈንገስ ይሰፍራል። የታተመ ከሆነ ምራቅ ውስጥ ያሉ ኢስተሬዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች የሬዚኑን ማያያዣ ቀስ በቀስ ይቆርጡታል። ከቢጫነት አልፎ ከተሰነጠቀ ወይም መፈርፈር ከጀመረ ይቀየር።

አፌ ይቃጠላል ያሉ ወንድም ነበሩ። ለጥቂት ቀን ያቁሙት፣ ከተሻለዎ መልሰው ያድርጉት፣ እንደገና ከመጣ ለቆዳ ሐኪም ይንገሩ። ጀርባ ላይ በሚለጠፍ ምርመራ ይታወቃል፤ 2 በመቶ ሜቲል ሜታክሪሌት በቫዝሊን ተደርጎ ለሁለት ቀን ይለጠፋል፣ ሲነሳና ከዚያ ቀናት ቆይቶ ይታያል። ግን ማቃጠል ሁሉ አለርጂ አይደለም። በደንብ ያልጸዳ ስፕሊንት ሥር የሚያድግ ፈንገስም ያቃጥላል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ጽዳቱን እንይ። ለጽዳት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ብሩሽና ትንሽ የዕቃ ሳሙና ይበቃል። አልኮል ያለው የአፍ መጉመጥመጫ ውስጥ አትዘፍዝፉት፤ አልኮል እነዚህን ፕላስቲኮች ያለሰልሳል፣ ከውሃም በላይ ኬሚካሉን ይስባል። ውሃ ውስጥ የሚፈላው ክኒን ብዙ ጊዜ ፐርሰልፌት አለበት፣ ለእሱ አለርጂ የሚሆኑ ሰዎች እንዳሉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 አስጠንቅቋል። ከተጠቀማችሁ በደንብ አለቅልቁት።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ «ሐኪሜን ምን ብዬ ልጠይቅ? እንዳይከፋው» የሚል ነበር። አይከፋውም፤ ቢከፋውም ጠይቁ። ቁሱ ምንድን ነው፣ በሙቀት የበሰለ ነው፣ በራሱ የጠነከረ፣ የተቀረጸ ወይስ የታተመ? የታተመ ከሆነ የትኛው ሬዚን ነው፣ እጥበቱና ማጠንከሪያው በአምራቹ መመሪያ ነው ወይ? ሐኪሙ ወዲያው ላያውቅ ይችላል፣ ላብራቶሪው ግን ያውቃል፤ አንድ ስልክ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ፣ 2017/745 በሚባለው፣ ለአንድ ሰው ተብሎ በልክ የተሠራ የሕክምና ዕቃ ሁሉ መግለጫ ወረቀት ይዞ መምጣት አለበት፣ ወረቀቱም ለታካሚው ሊደርሰው ይገባል። እዚያ የምትኖሩ ከሆነ ስፕሊንቱ አብሮት የሚመጣ ወረቀት አለ፤ ብዙ ጊዜ ፋይል ውስጥ ገብቶ ይቀራል እንጂ። ኮፒውን ስጡኝ በሉ።